የወንድሜ ቁስል ሰነዱ ላይ የለም፤ ከባሕር ዳር ሆኖ ማስተካከል ይቻላል?

የጣና ዳር ልጅ | እሑድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ጉዳዩ የታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ራሱ አይጽፍም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፍ።

ወንድሜ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የገባው በ1995 ዓ.ም ነው። ግሪን ካርድ ይዞ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ተቀጠረ። ዜግነቱንም እዚያው እያገለገለ አገኘ። በ2003 ዓ.ም አፍጋኒስታን ነበር፣ ካንዳሃር አካባቢ። መስከረም 23 ቀን ጠዋት መንገድ ላይ የተቀበረ ቦምብ የተሳፈሩበትን መኪና ገለበጠው። ራሱን ስቶ ነበር። ፍንጣሪ ግራ ክንዱና አገጩ ላይ ገባ። ሜዲኳ፣ አብራቸው የነበረችው የጦሩ ሕክምና ባለሙያ፣ አከመችው፤ አምስት ቀን ከሥራ አረፈ፣ ከዚያ ተመለሰ።

በ2006 ዓ.ም በክብር ተሰናበተ። ዲዲ 214 የሚሉት የስንብት ወረቀት አለው። ሽልማት የሚዘረዘርበት ሣጥን ውስጥ ስድስት ነገር ተጽፏል። ፐርፕል ሀርት ግን የለም። በውጊያ ለቆሰለ ወታደር የሚሰጠው፣ የልብ ቅርጽ ያለው ሜዳሊያ ማለቴ ነው። ያን ቀን ወደ ቤቱ ለመሄድ ቸኩሎ ስለነበር ሳያነብ ፈረመ።

አሁን ተመልሶ እኛ ጋ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አንዷ ፍንጣሪ እስካሁን ክንዱ ውስጥ አለች። ከቆዳው ሥር ሽምብራ ታክላለች። ቡና ሲጠጣ በሌላው እጁ አውራ ጣት ወዲያና ወዲህ ይገፋታል። ይህን ማድረጉን የሚያውቅ አይመስለኝም። እማዬ አንድ ቀን «ያን ሁሉ ደም አፍስሰህ ወረቀታቸው ላይ የለህም?» አለችው። «ተይው እማ» ብሎ ወጣ። ሐይቁ ዳር ሄዶ እስኪመሽ ቆየ።

እኔ ግን መተው አልሆነልኝም። ጊዜው አልፎበታል? ከየት ነው የሚጀመረው?


የሜሪላንዱ | ሰኞ

እህቴ፣ ይቻላል። እኔም እዚያው ጦር ውስጥ አገልግያለሁ። የአንድ ጓደኛዬን ተመሳሳይ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አብሬው ጨርሻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ፐርፕል ሀርት አለቃ ደስ ሲለው የሚያጭለት ሽልማት አይደለም። መስፈርቱን ላሟላ ወታደር መብቱ ነው። ቁስሉ በጠላት ድርጊት የመጣ መሆን አለበት። በሕክምና ባለሙያ መታከም የሚያስፈልገው መሆን አለበት። ሕክምናውም መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ውጊያ መሃል ያለ ሜዲክ ደም ሊያቆም ይሮጣል እንጂ ወረቀት አይሞላም። ወታደሩም «ደህና ነኝ» ብሎ ይነሳል።

ተራ የመኪና አደጋ፣ ብርድ የበላው ጣት፣ የፀሐይ ምት አይቆጠሩም። ከጦርነት የተረፈ የአእምሮ ስቃይም ለዚህ ሜዳሊያ አይቆጠርም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በፍንዳታ የመጣ የጭንቅላት መናወጥ ግን ይቆጠራል። ጦሩ ይህን በፈረንጆቹ 2011 ግልጽ አድርጎታል። ሐኪም መናወጡን መዝግቦት፣ ሰውዬው ራሱን ስቶ ከነበረ ወይም ከ48 ሰዓት በላይ ከሥራ ታግዶ ከነበረ በዚያም በኩል መሄድ ይቻላል። ወንድምሽ ራሱን ስቶ ነበር ብለሻል። አምስት ቀን አርፏል ብለሻል። ሁለቱንም እንዳትረሺ።

የወታደራዊ መዛግብት ማረሚያ ቦርድ የሚባል አለ። ሰው ሁሉ በቀጥታ ወደሱ ይሮጣል። እሱ የመጨረሻው በር ነው። በፊቱ ያሉትን በሮች ሳታንኳኩ ከሄዳችሁ ይመልሳችኋል። ስለ ፐርፕል ሀርት መጀመሪያ የሚጠየቀው ኬንተኪ፣ ፎርት ኖክስ ያለው የሰው ሀብት ዕዝ ነው። ከዚያም በፊት ሙሉ ፋይሉን አስወጡ። ባለቤቱ ሲጠይቅ ነፃ ነው። የአገልግሎት ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የሕክምና መዝገቡንም ጠይቁ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይቀመጡ ይችላሉ። የሕክምናው ብዙ ጊዜ ያለው የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚያየው ቪኤ ጋ ነው።

የወንድምሽ ዘመን መሆኑ በራሱ ዕድል ነው። በፈረንጆቹ 1973 ሴንት ሉዊስ ያለው የመዛግብት ሕንፃ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ጠፍቷል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የኮሪያ ዘማቾች ስንቶቹ ያለ ወረቀት ቀሩ።


ዓባይ ማዶ | ሰኞ

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የዚህ ሁሉ ልፋት ጥቅሙ ምንድን ነው? ገንዘብ አለው? ሰውዬው ራሱ ተይው እያለ ለምን ትገፊዋለሽ? በክፋት አይደለም የምጠይቀው። የኔ አጎት የድሮ ነገር ሲነሳበት ለሳምንት እንቅልፍ ያጣል።


የሜሪላንዱ | ሰኞ ማታ

ስለ ገንዘቡ እኔ ልመልስ። ቪኤ ለአካል ጉዳት የሚከፍለው ወርኃዊ ክፍያ ፐርፕል ሀርት አይጠይቅም። ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ መድረሱን ማሳየት ይበቃል። ክፍያው ባሕር ዳር ለሚኖርም ይላካል። እዚያው አገር ቤት ለዚያው ጉዳት የሚታከምበትንም ወጪ የሚሸፍን ፕሮግራም አላቸው። ወንድምሽ ይህን ካላመለከተ ለብቻው ያመልክት፤ ከሜዳሊያው ጋር አታጣብቁት።

ሜዳሊያው የሚጨምረው ሌላ ነው። የቪኤ ሕክምና ላይ ከ8ቱ የቅድሚያ እርከኖች 3ኛው ላይ ያስቀምጣል። በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ለቆሰሉት፣ የአገልግሎት ዘመናቸው አጭር ቢሆንም እንኳ፣ ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠውን የትምህርት ድጋፍ መቶ በመቶ ያስገኛል።


የጣና ዳር ልጅ | ማክሰኞ

ዓባይ ማዶ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ትናንት ማታ ጽሑፋችሁን ይዤ እሱኑ ጠየቅሁት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለህ? መኪናው ውስጥ ከጎኑ የነበረው ልጅ እዚያው ሞቷል። «ያን ቀን የተጎዱት ዝርዝር ላይ ስሜ ከሌለ፣ እኔ እዚያ መኪና ውስጥ አልነበርኩም ማለት ነው። እሱ ብቻውን ሞተ ማለት ነው» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ጠዋት ግን ላፕቶፔን ራሱ አምጥቶ ከፊቴ አስቀመጠው።

ፋይሉን ጠይቀናል። በእጁ የነበሩትንም ወረቀቶች አገላብጠን አንድ ገጽ አገኘን። የሕክምና ጣቢያው ወረቀት ነው። «ፍንዳታ፣ ግራ ክንድ፣ ብረት ወጣ፣ ታጠበ፣ ተሰፋ» ይላል። ችግሩ ስሙ ነው። ስሙ ውስጥ ጸ አለ። ስንብቱ ላይ በቲና በኤስ ተጽፏል፣ እዚህ ወረቀት ላይ በኤስ ብቻ። በዚያ ላይ የአባታችንን ስም የሱ መጠሪያ አድርገው፣ የሱን በአባት ቦታ ገልብጠውታል። ሲያነቡት ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ለካ ፋይሉ ውስጥ ያልተያያዘው ለዚህ ይሆናል።


ማመልከቻ ጸሐፊው | ማክሰኞ

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። የውጭውን ሕግ አላውቅም። የስም ነገር ግን ዕለት ዕለት የማየው ነው። ኃይለ ሥላሴ ተያይዞና ተለያይቶ በተጻፈ ቁጥር ስንት ሰው ውርሱን፣ ስንቱ ጡረታውን እንዳጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ነገር ልምከርሽ። የስም ልዩነቱን አትደብቁት። የሚያየው ሰው ራሱ ካገኘው ይጠረጥራል። እናንተ ቀድማችሁ ከተናገራችሁት ግን ጉዳይ ሆኖ አይቀጥልም። ማመልከቻው ላይ በአንድ አጭር አንቀጽ፣ «በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ይህ ፊደል በላቲን እንዲህም እንዲያም ይጻፋል» ብላችሁ አስረዱ። ወረቀቱ ላይ ከስሙ ሌላ ማንነቱን የሚያሳይ ቁጥር አለ? የልደት ቀን? የደም ዓይነት? አንዱ ከተገኘ ስሙ ይከተለዋል።

ደግሞ ማልቀስ አይግባበት። ከይቅርታ ጋር፣ ብዙ ሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ሁለት ገጽ ያለቅሳል፣ ቀኑን ግን ይረሳል። ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ማን ነበር፣ ምን ሆነ። በቃ።


የሜሪላንዱ | ማክሰኞ ማታ

የሶሻል ሴኩሪቲውን፣ ማለትም የአሜሪካ መለያ ቁጥሩን፣ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ፈልጉ። የሜዳ ሕክምና ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ጓደኛዬን ያተረፈው ያ ነው።


የጣና ዳር ልጅ | ማክሰኞ ማታ

አለ! ታች ጥግ ላይ፣ ደብዝዞ። 4ቱም ቁጥሮች የሱ ናቸው። እማዬ እልል ብላ ጎረቤት ተሰበሰበ።


የካራማራ ዘማች | ረቡዕ

ልጆቼ፣ ይህን እያነበበች የምታሰማኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ እየተናገርኩ እሷ ትጽፋለች።

እኔም ባሕር ዳር ነኝ። በ1969 ሚሊሺያ ሆኜ ከጎጃም ወጣሁ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነን ወደ ምሥራቅ ዘመትን። ጅጅጋ በ1970 መስከረም ከእጃችን ወጥታ ነበር። የካቲት 26 ተመለሰች። እኔ መመለሷን አላየሁም። ከሦስት ቀን በፊት ካራማራ ግርጌ ቀኝ ጭኔን ተመትቼ ሐረር ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። የነገረኝ ሬዲዮ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ቁስለኞች፣ እጅ ያለው አጨበጨበ፣ እጅ የሌለው አልጋውን በእግሩ መታ።

ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ካርድ ነበረኝ። ቁስሌ፣ ቀኑ፣ የክፍሌ ስም፣ ማኅተም ያለበት። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባለቤቴ ፈራች። ሌሊት ተነስታ ካርዱንም ፎቶውንም ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ጠዋት አመዱን ስትጠርግ አየኋት። ምንም አልተባባልንም። ነፍሷን ይማር፣ አልፈርድባትም። ልጆች ነበሩን።

በኋላ ጉዳዬን ይዤ ስሄድ ምስክር አምጣ ተባልኩ። የመቶ አዛዡ ሞቷል። በጀርባው አዝሎ ያወረደኝ ልጅ የወሎ ሰው ነበር። ስሙን አውቃለሁ። የአባቱን ስም ግን አልጠየቅሁትም። ወጣት ነበርን፤ ማን የአባት ስም ይጠይቃል?

አንቺ ልጅ፣ የወንድምሽን ጓዶች ዛሬ ነገ ሳትይ ፈልጊ። ወረቀት ይገኛል ይጠፋል። ሰው ግን ያልፋል።


የጣና ዳር ልጅ | ረቡዕ ማታ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጽሑፍዎን ለወንድሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። መሃል ላይ አስቁሞኝ «ድገሚው» አለኝ።

ሁለት ሰው አስታውሷል። አንዱ የጓዱ መሪ የነበረው ሳጅን ነው፣ አሁን ቴክሳስ። ሌላዋ ሜዲኳ ናት። እስክናገኛቸው የሱን የራሱን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፌያለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2010፣ ብዬ ጀምሬዋለሁ። ከአማርኛው ጋር ለጥፌዋለሁ፤ እስኪ እዩልኝ።


ነርስ ነኝ | ሐሙስ

እህቴ፣ እንዳትልኪው! ሁለት ቦታ ተሳስተሻል።

ወንድምሽ 3 ሰዓት ያለው በእኛ ነው። አንቺ በእንግሊዝኛ 3 ኤኤም ብለሽ ጽፈሽዋል። ያ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። የሕክምና ወረቀቱ ላይ 0940 የሚል አለ አይደል? እሱ ከጠዋቱ 3 ከ40 ማለት ነው። ትክክለኛው 9 ኤኤም ነበር። እንዳለ ቢሄድ ሰውየው ሌሊት ቆስሎ ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ታከመ ማለት ይሆናል።

ቀኑም እንደዚያው። መስከረምን ሴፕቴምበር ብለሽ 23ን እንዳለ አስቀምጠሻል። የ2003 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነበር የዋለው። መስከረም 23 ኦክቶበር 3 ነው። እኛ የውጭ አገር የሕክምና ወረቀት ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ስንቀበል ይህ በየቀኑ ያጋጥመናል። መድኃኒት በ9 ኤኤም ውሰድ የተባለ ሰው በእኛ 9 ሰዓት ሲውጥ አይቻለሁ።


የጣና ዳር ልጅ | ሐሙስ

ልቤ ቀጥ አለ። ወረቀቱን አየሁት፤ ኦክቶበር 3፣ 0940 ይላል። ይህን ያህል ጊዜ ከፊቴ ተቀምጦ አላየሁትም። አሁን አስተካክያለሁ። እጅሽ ይባረክ።


የሜሪላንዱ | ሐሙስ ማታ

ነርሷ ትልቅ ነገር አድነሻል። ቦርዱ ሥራውን የሚጀምረው የጦሩ መዝገብ ትክክል ነው ብሎ በመገመት ነው። ተሳስቷል የሚል ሰው ማስረጃውን ማምጣት አለበት። ጉዳዩን የሚያዩት ሦስት ሲቪሎች ናቸው። ወንድምሽን አያውቁትም፤ ያላቸው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሰዓቱ ካልገጠመ ምን ያደርጋሉ?

አሁን ስለ ምስክሮቹ። እያንዳንዱ በራሱ ቃል ይጻፍ። አንቺ ጽፈሽ አታስፈርሚ፤ የሁለቱ ቃል አንድ ዓይነት ከሆነ ይታወቃል። ያየውን ይናገር፣ የሰማውን አይጨምር። የት ቆሞ እንዳየ ይጻፍ። ለመማል ኖተሪ የሚሉትን ሰነድ አረጋጋጭ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የአሜሪካ ሕግ፣ መጨረሻው ላይ «በአሜሪካ ሕግ መሠረት በሐሰት ምስክርነት እንደምቀጣ አውቄ ይህ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ቀንና ፊርማ ካለበት እንደ መሐላ ይቀበለዋል። ለወንድምሽም የሚሠራው ይኸው ነው።

ጊዜው አልፎበታል ወይ ብለሽ ነበር፣ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ለቦርዱ የሚቀርበው ዲዲ 149 ፎርም ነው። ሕጉ ስህተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ይላል። ግን ቦርዱ ለፍትሕ ሲባል ጊዜውን ማለፍ ይችላል። ፎርሙ ላይ ለምን እንደዘገየ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። እውነቱን ይጻፍ፤ የሞተው ጓደኛው ከብዶት መሆኑን ይጻፍ።

ከተሳካ አዲስ ዲዲ 214 አትጠብቁ። ብዙውን ጊዜ ዲዲ 215 የሚባል ማረሚያ ነው የሚላከው፣ ከቀድሞው ጋር አብሮ የሚያዝ። ፎርት ኖክስ እምቢ ካለ እምቢታውን አትጣሉት። ቦርዱ ጋ ስትሄዱ አንዱ ማስረጃችሁ እሱ ነው። እና ትዕግሥት ይኑራችሁ፤ ቦርዱ ጋ ከደረሰ ከዓመት በላይም ሊወስድ ይችላል።


ዓባይ ማዶ | ዓርብ

ያን ጥያቄ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የወንድምሽን መልስ ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለአጎቴ ደወልኩለት። ሌላ የምለው የለኝም፤ በርቱ።


የጣና ዳር ልጅ | ከሁለት ሳምንት በኋላ

ኔት እየተቆራረጠ ዘገየሁባችሁ።

ሳጅኑን አገኘነው። እኛ ጋ ማታ 2 ሰዓት፣ እነሱ ጋ ቀትር ነበር። ወንድሜ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ድምፁን ለቀቀው፣ እማዬም እንድትሰማ። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ግን መቀመጥ ፈለገች። ሰውየው ሰላምታ ሳይጨርስ ምን ብሎ ጠየቀ መሰላችሁ? «ክንድህ እንዴት ነው?» ወንድሜ ያቺን ፍንጣሪ እየገፋ ነበር። ጣቱ ቆመ። እማዬ «ምን አለው?» አለችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

ሳጅኑ ሦስት ገጽ ጻፈ። ከኋላ ያለው መኪና ላይ ነበር፤ ጭሱን፣ በሩ የተከፈተበትን፣ ወንድሜ በአንድ እጁ ጓደኛውን ሲጎትት ያየበትን ሁሉ ጽፏል። ይህን የመጨረሻውን ወንድሜ ነግሮን አያውቅም። ሜዲኳም በሳምንቱ ላከች። የሷ አጭር ነው፤ ስንት ስፌት እንደሰፋች ሳይቀር አስታውሳለች፤ ወረቀቱ ላይ ስሙን በሰማችው እንደጻፈችም አምናለች። የስሙን ነገር ማመልከቻ ጸሐፊው እንዳለው በአንድ አንቀጽ አስረዳን። ሁሉም ማክሰኞ ወደ ፎርት ኖክስ ሄደ። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የካራማራውን አባታችንን በልጅ ልጃቸው በኩል ጠይቄ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድን፣ እኔና ወንድሜ። ሁለቱ ወታደሮች ብዙ አላወሩም። አባታችን ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭናቸውን አሳዩት፣ እሱም እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቼ የሳቸውን ቃል መጻፍ ጀመርን። ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ማን ነበር። በዚያ ክፍል ከሳቸው ጋር የነበሩትን እስከ ሰባት ሰው ድረስ ከነአባታቸው ጠሩልን። ስምንተኛው ያዘላቸው ልጅ ነው። የሱን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ደሴ አንድ የድሮ ጓድ አላቸው፤ ሰኞ ደውለው ሊጠይቁልኝ ነው።